ስድስቱን ማን ይምረጥ? የራይደር ካፕ ቡድን አመራረጥ ላይ የተነሳ ክርክር

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። ራይደር ካፕ አሜሪካና አውሮፓ በቡድን የሚጋጠሙበት የጎልፍ ውድድር ነው፤ እያንዳንዳቸው 12 ተጫዋች ያሰልፋሉ። ስድስቱ በየውድድሩ ባገኙት ነጥብ በሚወጣ ሰንጠረዥ በቀጥታ ይገባሉ፤ የቀሩትን ስድስት ካፒቴኑ፣ ማለትም ራሱ ሳይጫወት ቡድኑን የሚመራው ሰው፣ በራሱ ውሳኔ ይጠራል። የቡድን ግማሽ ለአንድ ሰው ውሳኔ መተው አለበት? ስድብ አይፈቀድም፣ ማስረጃ ይቅደም።

ነጥብ ቆጣሪ፦ መተው የለበትም። ነገሩን በአንድ ሰው ላይ ላሳያችሁ። 2023፣ ሮም። ኪገን ብራድሊ በዚያ የውድድር ዘመን ሁለት ዋንጫ አንስቷል፤ በአሜሪካ ሰንጠረዥም 11ኛ ነበር። ጀስቲን ቶማስ ደግሞ 15ኛ። ቶማስ ለወቅቱ ማጠቃለያ ውድድሮች ከሚያልፉት 70 ሰዎች መሃል እንኳ መግባት አቅቶት 71ኛ ሆኖ ቀርቷል። ካፒቴኑ ዛክ ጆንሰን ቶማስን ጠራ፤ ብራድሊ እንዳልተመረጠ በስልክ ተነገረው። በወዳጅነት ነው የተመረጠው እያልኩ አይደለም። ግን ቁጥሩ እንዲህ ግልጽ ሆኖ ሳለ ውሳኔው ሲገለበጥ፣ ተመልካቹ ወዳጅነትን ቢጠረጥር በምን ይፈረድበታል? ላብ የፈሰሰበት ነጥብ በአንድ ስልክ መሻር የለበትም። አሜሪካ ደግሞ 16.5 ለ 11.5 ተሸንፋ ተመለሰች።

ሁለቱ በአንድ፦ ወንድሜ፣ ቶማስ ሮም ላይ የነጠላ ግጥሚያውን አሸንፏል። ሽንፈቱን በእሱ ትከሻ ላይ አትጫን። የእኔ ዋና ነገር ግን ሌላ ነው። ራይደር ካፕ 28 ግጥሚያ አለው፣ እያንዳንዱ አንድ ነጥብ ነው፣ አቻ ከወጡ ግማሽ ግማሽ፤ ከ28ቱ 16ቱ በጥንድ ናቸው። ስምንቱ ፎርሳም፣ ማለትም ሁለት ሰው አንዲት ኳስ እየተፈራረቁ የሚመቱበት። ስምንቱ ፎርቦል፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ኳስ ተጫውተው የተሻለው ውጤት የሚያዝበት። ሰንጠረዡ የሚቆጥረው ግን ሰው ብቻውን ተጫውቶ ያገኘውን ነው። ፎርሳም ላይ አንተ ያበላሸኸውን ኳስ ከዛፍ ሥር የሚያወጣው ጓደኛህ ነው። ከዛፍ ሥር መምታት የማይከብደው፣ ከአንተ ጋር መጫወት የሚመቸው፣ ስትስት ፊቱን የማያጠቁር ሰው ያስፈልግሃል። ይህን የትኛው ሰንጠረዥ ይቆጥረዋል?

ማስረጃ ከተባለ፣ 2025 አሜሪካ ውስጥ ቤዝፔጅ ላይ የተደረገውን እዩ። ከሁለቱ የጥንድ ቀናት በኋላ አውሮፓ 11.5 ለ 4.5 መርታ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ በነጠላ ግጥሚያዎቹ፣ አሜሪካ 8.5 ለ 3.5 አሸነፈች። ድምሩ 15 ለ 13 ሆኖ ዋንጫው የአውሮፓ ሆነ። ለብቻ ሲቆሙ አሜሪካኖቹ በልጠዋል፣ ሲጣመሩ ግን በአውሮፓ ተበልጠዋል። የአውሮፓው ካፒቴን ሉክ ዶናልድ ደግሞ ሮም ላይ ከነበሩት 12 ሰዎች 11ዱን ይዞ ነው የመጣው። አሥራ ሁለተኛው እንኳ የኒኮላይ ሆይጋርድ መንትያ ወንድም ራስመስ ነው። ጥንዶቹ ተዋውቀው፣ ተፈትነው፣ አብረው አሸንፈው ያውቃሉ።

ነጥብ ቆጣሪ፦ እህቴ፣ ራስመስ በሰንጠረዥ ነው የገባው፤ ካፒቴኑ ጠርቶት አይደለም። ቤዝፔጅን ካነሳሽ ደግሞ የሌላውን ወገን ካፒቴን እንይ። ስድስት ሰው የመጥራት ሥልጣን የተሰጠው ጥንድ እንዲያበጅ ነው አይደል? የመጀመሪያው ቀን ፎርሳም ላይ ኮሊን ሞሪካዋንና ሃሪስ ኢንግሊሽን አጣምሮ አወጣ፤ በሮሪ ማክልሮይና በቶሚ ፍሊትውድ ተሸነፉ። በማግስቱ እነዚያኑ ሁለቱን ደግሞ አወጣ፤ በእነዚያው በማክልሮይና በፍሊትውድ ደግመው ተሸነፉ። ኢንግሊሽ በነጥቡ የገባ ነው፣ ሞሪካዋ በካፒቴኑ ጥሪ። ሥልጣኑ ሰፋ፣ ጥንዱ ግን አልሠመረም።

ሁለቱ በአንድ፦ ይህ የማጣመር ስህተት ነው፣ የመምረጥ አይደለም። ካሜሮን ያንግም በጥሪ የገባ ነው፤ በዚያው ቡድን ውስጥ ጥሩ ከተጫወቱት አንዱ ነበር።

የድሮው ካዲ፦ ልጆች፣ ሁለታችሁም የምታነሷቸው የቅርብ ጊዜዎቹን ብቻ ነው። ቁጥሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ልንገራችሁ። አሜሪካ ለረጅም ጊዜ በካፒቴን የምትጠራው ሁለት ሰው ብቻ ነበር። በ2008 ፖል ኤዚንገር ካፒቴን ሲሆን አራት ይሁንልኝ አለ፣ የነጥብ አሰጣጡንም አስቀየረ፤ ቫልሃላ በተባለው ሜዳም አሸነፈ። ስድስት የሆነው ከወረርሽኙ ጋር ነው። ውድድሮች ተቋርጠው፣ የ2020ው ግጥሚያ ወደ 2021 ተሸጋግሮ፣ ሰንጠረዡ በቂ አይደለም ተባለ። አውሮፓ ያኔ ሦስት ብቻ ነበር የምትጠራው፤ አሜሪካ 19 ለ 9 ስታሸንፍ በ2023 እሷም ስድስት አደረገች። ለችግር ጊዜ የመጣው ቁጥር እንዲህ ሆኖ ጸና።

ካፒቴን ይሳሳታል? አዎ። 2018 ፓሪስ ላይ የአሜሪካው ካፒቴን ጂም ፉሪክ የጠራቸው አራቱ፣ ታይገር ውድስ፣ ፊል ሚክልሰን፣ ብራይሰን ዴሻምቦና ቶኒ ፊናው፣ በድምሩ ሁለት ነጥብ ብቻ አመጡ፤ ሁለቱም የፊናው ናቸው። በዚያው ሜዳ የአውሮፓው ካፒቴን ቶማስ ቢዮርን የጠራቸው አራቱ፣ ጋርሲያ፣ ፖልተር፣ ስቴንሰንና ኬሲ፣ 9.5 አመጡ። ጋርሲያ ያን ዓመት አቋሙ ወርዶ ነበርና ብዙ ሰው ጥሪውን ተቃውሟል።

አንዱን ግን ሳልናገር አላልፍም። ሶልሃይም ካፕ፣ የሴቶቹ የአሜሪካና የአውሮፓ ግጥሚያ፣ 2019 ግሌንኢግልስ። ሱዛን ፔተርሰን ልጅ ወልዳ ከሜዳ ርቃ ነበር፤ በዚያ ዓመት ጥቂት ውድድር ብቻ ነው የተጫወተችው። በየትኛውም ሰንጠረዥ ብትፈልጓት አታገኟትም። የአውሮፓ ካፒቴን ካትሪዮና ማቲው ጠራቻት። በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻው ጉድጓድ፣ አውሮፓን 14.5 ለ 13.5 ያሸነፈችውን ኳስ ያስገባችው እሷው ናት። እዚያው ቆማ ከጨዋታ መሰናበቷንም ተናገረች። ያቺን ምት ባሰብኩ ቁጥር፣ ነጥብ ብቻ ይወስን ለማለት አፌ አይታዘዘኝም።

ነጥብ ቆጣሪ፦ ጋሼ፣ የፔተርሰንን ነገር ማንም አይክድም። ግን እርስዎ የነገሩን የተሳካውን ጥሪ ነው። ባልተሳካው ጥሪ ምክንያት ቤቱ የቀረውን ሰው ማን ያስታውሰዋል?

የድሮው ካዲ፦ እኔ አስታውሰዋለሁ። ቢሊ ሆርሼል፣ 2014። ካፒቴኑ ስሞቹን አስታውቆ ከጨረሰ በኋላ ሆርሼል ሁለት ውድድር ተከታትሎ አሸንፎ የወቅቱን አጠቃላይ ዋንጫ ወሰደ። ዝርዝሩ ተዘግቷልና ቤቱ ተቀመጠ፤ አሜሪካ ግሌንኢግልስ ላይ ተሸነፈች። በ2016 ከዚያ ተምረው የመጨረሻዋን ቦታ እስከ ወቅቱ ማብቂያ ክፍት አቆዩ። ራያን ሙር በመጨረሻው ውድድር እስከ መለያ ምት ደርሶ ነበርና ተጠራ። ሄዝልቲን በተባለው ሜዳ ዋንጫውን ያረጋገጠችው ነጥብ የመጣችው ከእሱ ነው። ስለዚህ ስንት ሰው ይጠራ ከሚለው ይልቅ መቼ ይጠራ የሚለው ያሳስበኛል።

አረንጓዴ ሜዳ፦ እስካሁን ሰንጠረዡን ያለ አድልዎ የሚሠራ ሚዛን አድርጋችሁ ነው የምትከራከሩት። አይደለም። የአሜሪካው ነጥብ በሽልማት ገንዘብ ላይ የተመሠረተ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚሰጥባቸው ውድድሮች ደግሞ የሚጋብዙት ጥቂት ተጫዋች ነው። እዚያ የገባ ነጥብ ያከማቻል፤ በዚያ ነጥብ ተመልሶ ይገባል። ውጭ ያለው ሰው ተመሳሳይ ጎልፍ ቢጫወት እንኳ የሚቆጠርለት ያንሳል።

ለነባሮቹ ውድድሮች ተፎካካሪ የሆነው ሊቭ የተባለው ሊግ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ገሃድ ወጣ። ንጹሕ ሰንጠረዥ ማየት የምትፈልጉ ኦሊምፒክን እዩ፦ 60 ተጫዋች፣ በዓለም ደረጃ ብቻ፤ አንድ አገር ቢበዛ አራት፣ እነሱም ከመጀመሪያዎቹ 15 ውስጥ ከሆኑ፤ ካለዚያ ሁለት። ካፒቴን የለም፣ ጥሪ የለም። ውጤቱስ? የሊቭ ውድድሮች የደረጃ ነጥብ አይሰጣቸውም ነበርና፣ በሰኔ 2024 የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈው ዴሻምቦ በሐምሌ ፓሪስ አልሄደም። የዓመቱን ከባድ ዋንጫ ያነሳ ሰው!

ነጥብ ቆጣሪ፦ ያው ዴሻምቦ ለ2025 ራይደር ካፕ በሰንጠረዥ ነው ያለፈው። ነጥብ ያገኘው ሜጀር በሚባሉት በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ብቻ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ከስድስቱ አንዱ ሆነ። ጎበዝ ከሆንክ ሰንጠረዡ አይዘጋብህም።

አረንጓዴ ሜዳ፦ ለአንድ ዴሻምቦ አልተዘጋበትም። ሰርጂዮ ጋርሲያን እንየው። በራይደር ካፕ ታሪክ እንደሱ ነጥብ ያመጣ የለም፣ 28.5። ወደ ሊቭ ሄዶ በ2023 ከአውሮፓው የጎልፍ ተጫዋቾች ማኅበር አባልነቱን ሲለቅ፣ ካፒቴኑ ቢፈልገው እንኳ ሊጠራው የማይችል ሆነ። ፖልተርና ዌስትውድም እንዲሁ። እዚህ ላይ የወሰነው ነጥብም ካፒቴንም አይደለም፣ የአባልነት ደንብ ነው። ስለዚህ ነው ክርክራችሁ ግማሽ የሚሆንብኝ።

ሁለቱ በአንድ፦ ደንቡ ይለወጥ ብትል አብሬህ እፈርማለሁ።

ነጥብ ቆጣሪ፦ እሺ፣ የፔተርሰንና የሙር ነገር ይዞኛልና ካፒቴኑ አንድም አይጥራ አልልም። ስምንት በነጥብ፣ አራት በጥሪ ይሁን። አንድ ነገር ግን ይጨመር፦ ካፒቴኑ በደረጃ የሚበልጠውን ዘሎ ሌላውን ሲጠራ ምክንያቱን በጽሑፍ ያውጣ። ከማን ጋር ሊያጣምረው እንዳሰበ፣ ሜዳው ለእሱ ለምን እንደሚስማማ። "ቡድኑን የሚያጠናክር ሰው ነው" የምትለዋ አትበቃም።

ሁለቱ በአንድ፦ ከማን ጋር እንደሚጣመር አስቀድሞ ይጻፍ? ተጋጣሚውም እኮ ያነባል።

ነጥብ ቆጣሪ፦ እንግዲያው ከግጥሚያው በኋላ ያውጣው። ቤቱ የቀረው ተጫዋች ግን ይንገሩት።

የድሮው ካዲ፦ ብራድሊን አንስተህ ስለጀመርክ ስለእሱ አንዲት ነገር ልጨምርልህ። በ2025 ካፒቴን እሱ ነበር። በሰንጠረዡ እንደገና 11ኛ ሆኖ ጨረሰ። ራሱን መጥራት ይችል ነበር፤ ከ1963ቱ አርኖልድ ፓልመር ወዲህ እየተጫወተ ካፒቴን የሆነ የለም። ስድስት ስም ጠራ፣ የራሱን ግን አልጠራም። በአንተ ስሌት፣ ስምንት በነጥብ ቢሆንም፣ ይህ ሰው ሁለቴም ቤቱ ይቀራል።

ነጥብ ቆጣሪ፦ በስሌቴ ይቀራል ጋሼ፣ እውነት ነው። 11ኛን የሚያስገባ ስሌት ግን አሥራ ሁለቱንም በነጥብ ማድረግ ነው፤ ያኔ ደግሞ ፔተርሰን ትቀራለች። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ እስከ ነገ ስጡኝ።