አሸንዳ ላይ ወንፊት አስገጥመን ውሃው ጭራሽ ባሰበት፣ ምን ይሻላል? (ሀዋሳ)

የታቦሯ
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። የእናቴ ቤት ታቦር ነው፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ ጃካራንዳ አለ፣ ከጎረቤት ደግሞ ግራቪሊያ በአጥሩ ዘንበል ብሎ እኛ ጣራ ላይ ነው የሚያራግፈው። በየክረምቱ አሸንዳው በቅጠል እየተደፈነ ሲያስቸግረን አምና ጥቅምት ላይ ሰው ጠርተን ዙሪያውን በሽቦ ወንፊት አስከደንነው፣ ከእንግዲህ መጥረግ የሚባል ነገር የለም አለን፣ እኛም አምነን በጋውን ሙሉ ዞር ብለን አላየነውም። ከትናንት ወዲያ ማታ ያ ዶፍ ሲወርድ ግን ውሃው አሸንዳው ውስጥ መግባቱ ቀርቶ በወንፊቱ ላይ እየዘለለ በግድግዳው ወረደ፣ የእማዬ መኝታ ቤት ኮርኒስ ጥጉ ላይ ሻይ እንደፈሰሰበት ክብ ሰርቷል።
ጠዋት ወንድሜ መሰላል ላይ ወጥቶ ሲያይ የግራቪሊያው ቅጠል ወንፊቱ ላይ ተነባብሮ ምንጣፍ ሆኗል፣ እሱን ሲገፈው ደግሞ ከስር ጥቁር ጭቃ፣ ሳር ሁላ በቅሎበታል። ወንፊቱ በሪቬት ስለተመታ አይነሳም። እማዬ ያ ሁሉ ብር ባከነ ብላ በጣም ነው ያዘነችው። ነቅለን እንጣለው ወይስ መላ አለው?

ላሜራ ሰሪው
እህቴ አይዞሽ ብሩ አልባከነም፣ ወንፊቱን እንዳትጥሉት። ችግሩ አገጣጠሙ ላይ ነው፣ መጥረግ ቀረ ያላችሁ ሰውዬም ልክ አልነገራችሁም። ወንፊት ትልቁን ቅጠል ነው የሚያስቀረው፣ አቧራና የአበባ ፍርፋሪ ያልፋል፣ የጃካራንዳ ቅጠል ደግሞ ሲረግፍ ተበታትኖ እንደ ጤፍ እብቅ ነው የሚሆነው፣ በጋውን ሙሉ እየገባ ይከማችና የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ይቦካል፣ ያያችሁት ጭቃ እሱ ነው።
ምን ያህል ውሃ እንደሚመጣ ላስላልሽ። ጣራው 100 ካሬ ቢሆንና ዝናቡ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በሚሆን ኃይል ቢጥል በየደቂቃው 100 ሊትር ነው፣ ማለት 5 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በየደቂቃው ይደፋል። እኛ ስንሰራ ለ1 ካሬ ሜትር ጣራ ቢያንስ 1 ካሬ ሳንቲም የአሸንዳ ሆድ እንይዛለን፣ ጭቃው ግማሹን ከወሰደው ያ ውሃ የት ይግባ?
ስለዚህ ሪቬቱን በድሪል እየበሳችሁ አውጡት፣ ወንፊቱን ሁለት ሁለት ሜትር ቁረጡትና በእጅ በሚፈታ ቀጭን ሽቦ እሰሩት። ስትመልሱት ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አታስተኙት፣ የላይኛው ጠርዝ ቆርቆሮው ስር ገባ ብሎ ልክ እንደ ጣራው ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፣ ያኔ የደረቀውን ቅጠል ንፋሱ ራሱ ይወስደዋል። ጭቃውን በአካፋ ወይም በሽቦ ብሩሽ እንዳትፍቁት ዚንኩ ይላጥና ዝገት ይጀምራል፣ ያለቀ የዘይት ጀሪካን በሰያፍ ቆርጣችሁ በሱ ዛቁት። በውሃ ገፍታችሁ ወደ ቱቦው እንዳትልኩትም፣ መጀመሪያ ዝቃችሁ አውጡ ከዛ ነው ውሃ። ሲያልቅ አንድ ባልዲ ከቱቦው በራቀው ጫፍ ድፉበት፣ መሃል ላይ ከቆመ ተዳፋቱ ጠፍቷል ማለት ነው፣ በየሜትሩ ግማሽ ሳንቲም መውረድ አለበት።

ሐይቅ ዳር ነኝ
ላሜራ ሰሪው ያለው ሁሉ እውነት ነው። እኔ ቤት ደግሞ ከቅጠሉ በላይ አባ ኮዳ ነው ያስቸገረኝ፣ ጣራው ላይ አርፎ የሚጥለው ነገር ወንፊቱ ላይ ደርቆ እንደ ኖራ ይጋገራል፣ መጥረጊያ አይነካውም፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌበት ሲርስ ነው የሚለቀው። የላይ የላዩን ቅጠል ረጅም እንጨት ላይ ለስላሳ መጥረጊያ አስሬ መሬት ላይ ቆሜ በየሁለት ሳምንቱ አወርደዋለሁ፣ ወንፊቱን አስነስቼ ውስጡን የማስጠርገው ግን በዓመት ሦስቴ ነው፣ ህዳር ላይ፣ የካቲት መጨረሻ በልጉ ሳይመጣ፣ ከዛ ሰኔ መጀመሪያ። የውስጡን ነገር ችላ አትበሉት የኔ እህት፣ ውሃ ቋጥሮ ከሰነበተ ትንኝ ይፈለፈልበታል፣ እማማም እዛው ስሩ ነው የሚተኙት።
የዝናቡን ውሃ ሮቶ ውስጥ የምታጠራቅሙ ከሆነ ከበጋው በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ዝናብ አታስገቡት፣ እኔ 80 ካሬ ለሚሆን ጣራ ቢያንስ 40 ሊትሩን መሬት ላይ ነው የምለቀው፣ ያም ሆኖ ለልብስና ለጎመኑ እንጂ ለመጠጥ አልነካውም።

ኤሌክትሪሽያን ከመነኻሪያ
አንድ ነገር ሳትሰሙኝ ወንድምሽ እንዳይወጣ። ከፖሉ የሚመጣው መስመር ብዙ ቤት ላይ አሸንዳው አጠገብ ነው የሚታሰረው፣ ብሬከር አጠፋሁ ብሎ ሰው ይዘናጋል፣ ብሬከር የሚያጠፋው ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ነው፣ ከፖል እስከ ቤቱ ያለው ሽቦ እሳት እንደያዘ ነው! የአልሙኒየም መሰላል በዛ በኩል በፍጹም አታቁሙ፣ የእንጨት ይሁን፣ እሱም ደረቅ። ሽቦው የተላጠ ከሆነ መብራት ኃይል ጥሩና ያስተካክሉት እንጂ እናንተ አትንኩት። ድሪሉም ባትሪ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው፣ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ማከፋፈያ ገመድ አትጎትቱ።
ጣራው ላይ መውጣት ግድ ከሆነም ጤዛው ይድረቅ፣ ሲረግጥም ሚስማር የተመታበትን መስመር ይከተል፣ ከስሩ ሞራሌ ስላለ ይሸከመዋል፣ ከዛ ውጪ ከረገጠ ቆርቆሮው ይጎደጉዳል።

የታቦሯ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ስንሰራ ዋልን። መስመሩ በጓሮ በኩል ስለሆነ በዛ በኩል ያለውን አልነካነውም፣ ለባለሙያ ትተነዋል። የቀረውን ነቅለን ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ጭቃ ወጣ፣ እማዬ ጽጌረዳው ስር አስደፋችው።
ባልዲውን ስንደፋ ግን አሁንም በፊት ለፊት በኩል ውሃው አልወርድ አለ። ቱቦውን ከኤልቦው ላይ ፈትተን ብናይ የጃካራንዳ ፍሬ፣ ያ ጠፍጣፋው እንጨት የመሰለው፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተሰንቅረው በዙሪያቸው ቅጠሉ እንደ ቡሽ ጠጥሯል። ወንፊቱ ፍሬውን አያሳልፍም፣ ስለዚህ ከመከደኑ በፊት ጀምሮ እዛ ነበር ማለት ነው፣ ሰውዬው ሳይጠርግ ነው የከደነብን። እሱን ስናወጣ ባልዲው ሙሉ ግልብጥ ብሎ ወረደ። ላሜራ ሰሪው፣ ቱቦው አፍ ላይ ለብቻው ሌላ ወንፊት ብናደርግ ይጠቅማል ወይስ ድርብ ይሆንብናል?

ላሜራ ሰሪው
ይጠቅማል ግን ጠፍጣፋ አይሁን፣ እንደ እንቁላል አሞጥሙጣችሁ አፉ ላይ ቀስሩት፣ ከስር ቅጠል ቢከበውም በላይ በኩል ውሃ ያልፋል። የኮርኒሱን ክብ ደግሞ ሳይደርቅ ቀለም አታስቀቡት ተመልሶ ይወጣል።