የፍሪጅ ጋዝ መፍሰስ ስሌት ላይ ተጣብቄያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ቨርጂኒያ ውስጥ በምሠራበት ሱፐርማርኬት የማቀዝቀዣዎቹን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ።

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የአሜሪካ የፌዴራል የጋዝ መፍሰስ ደንብ 15 ፓውንድና ከዚያ በላይ ኤችኤፍሲ (ለማቀዝቀዣ የሚያገለግል የጋዝ ዓይነት) የያዙ መሣሪያዎችንም ይመለከታል። የእኛ ትልቁ ማቀዝቀዣ አር-404ኤ የሚባለውን የኤችኤፍሲ ጋዝ 60 ፓውንድ ይይዛል። ለንግድ ማቀዝቀዣ መፍሰሱ በዓመት መሣሪያው ሲሞላ ከሚይዘው ጋዝ 20 በመቶ ካለፈ በ30 ቀን ውስጥ መጠገን ግዴታ ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ቴክኒሺያኑ ሰሞኑን 5 ፓውንድ ጨመረ። ከዚያ በፊት የተሞላው ከ90 ቀን በፊት ነበር፣ ያኔም 5 ፓውንድ። በዓመቱ ሌላ ሙሌት የለም። የመጨረሻውን ብቻ ወስጄ ወደ ዓመት ሳሰፋው 34 በመቶ ገደማ ይመጣል። የ12 ወሩን ደምሬ ለ60 ሳካፍል ግን 17 እንኳ አይሞላም! ሁለቱም ስሌቶች የተፈቀዱ ናቸው። አንዱን ከመረጥኩ ግን ለሱፐርማርኬቱ መሣሪያዎች ሁሉ በእሱ መሥራት አለብኝ።

በዚህ ሙያ ያላችሁ፣ የትኛውን ትጠቀማላችሁ? ለምንስ?

ቁጥሩን ለማሳነስ ብዬ አይደለም የምጠይቀው። ይህ ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ3,900 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃል፤ ቀዳዳውን ማግኘት እፈልጋለሁ። በሳሙና አረፋ ፈትሸን ምንም አልታየንም። ቀጥሎ የቱን ክፍል ልፈትሽ?