በሞተርሆም ፋይበርግላስ ገላ ላይ ተመልሶ የሚከፈት ስንጥቅ

ጠያቂ (አዘዞ)፦
ጎብኚዎችን ከጎንደር ወደ ስሜን ተራሮች የማደርስበት፣ አልጋና ማብሰያ ያለው ሞተርሆም አለኝ፤ ውጫዊ ገላው ፋይበርግላስ ነው። ከጎን መስኮቱ የታችኛው ማዕዘን የሚነሣ፣ መዳፍ የሚያህል ስንጥቅ ስለነበረው ባለፈው ዓመት አንድ ባትላሜራ በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ቀባው። ሆኖም ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር የሚወስደውን ኮረኮንች ጥቂት ጊዜ እንደተመላለስኩበት በዚያው መስመር ተከፈተ። አሁን ደግሞ ከበሩ በላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበታተኑ ቀጫጭን መስመሮች ወጥተዋል። ክረምት ሳይገባ ማስጠገን እፈልጋለሁ። ስቱኮው ለምን አልያዘም? ሁለቱስ በአንድ መንገድ ይጠገናሉ?

መልስ 1 (ጎርጎራ፣ ጀልባ ጠጋኝ)፦
ወንድሜ፣ ስቱኮ ጉድጓድ ይሞላል እንጂ ጭነት አይሸከምም። የፋይበርግላስ ጉልበት ያለው በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) በተነከረው የመስታወት ክር ውስጥ ስለሆነ፣ ክሩ የተበጠሰበትን ቦታ በስቱኮ መድፈን የተሰበረ አጥንትን ሳያስሩ ቅቤ እንደመቀባት ነው። የመስኮት ማዕዘን ደግሞ መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር ውጥረቱ የሚከማችበት ቦታ ነው።

አስቀድመው ጥልቀቱን ይለዩ። የላይኛው ሽፋን፣ ጄልኮቱ፣ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መስመሩ ላይ የብዕር ቀለም አፍስሰው ይጥረጉና በቀስታ ይፋቁት፤ ቀለሙ ከጄልኮቱ ጋር ከጠፋ ጉዳቱ የላይ ነው፤ ወደ ክሩ ከዘለቀ ግን ክሩም ተጎድቷል። በሳንቲም ሲያንኳኩት ድምፁ የደነዘዘ ከሆነ ንብርብሩ ተላቋል ማለት ነው።

ለጥልቁ ስንጥቅ በሁለቱም ጫፎች 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ፤ እንዳይቀጥል ይገታዋል። አካባቢውን በአሴቶን ካጸዱ በኋላ ግራና ቀኙን ወደ ስንጥቁ እየሳሳ እንዲሄድ አድርገው ይፋቁ፤ ልኩ 12 ለ1 (የሚፋቀው ስፋት የገላው ውፍረት 12 እጥፍ) ስለሆነ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገላ በየጎኑ 36 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። የተፋቀውን በሬዚን በተነከረ የመስታወት ክር ንብርብር ይሙሉት፤ ከውስጥ በኩልም ከስንጥቁ በሰፊው የሚያልፍ ተመሳሳይ ንብርብር ካልጨመሩበት ግን ተመልሶ ይከፈታል።

መልስ 2 (ጎንደር፣ መኪና ቀለም ቀቢ)፦
በመልሱ እስማማለሁ፤ ስለ ሬዚኑ ልጨምር። ፖሊስተር ሬዚን ከተጠቀሙ ሃርድነሩ (ሬዚኑን የሚያደርቀው ቅመም) አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለ500 ግራም ከ5 እስከ 10 ግራም ማለት ነው። የጎንደር ማለዳ ስለሚቀዘቅዝ ሬዚኑ በደንብ ላይደርቅ ይችላል፤ አየሩ ሲሞቅ፣ ግን በጥላ ሥር ይሥሩ። ሌላው የሬዚን ዓይነት፣ ኢፖክሲ፣ በአሮጌ ገላ ላይ ይበልጥ ይጣበቃል፤ ነገር ግን ጄልኮት በላዩ በቀላሉ ስለማይደርቅ ማጠናቀቂያው ቀለም ይሁን። እባክዎ ሲፍቁ ጭምብልና መነጽር አይለዩዎት፤ የመስታወት ብናኝ ሳንባንና ዓይንን ይጎዳል።

ጠያቂ፦
የውስጡን ሽፋን ስከፍተው በመስኮቱ ዙሪያ ያለው እንጨት በእርጥበት ጠቁሯል፤ ሁለት ብሎኖችም ላልተዋል።

መልስ 1፦
እንግዲህ ምክንያቱን አገኙት። ውኃ በመስኮቱ ማሸጊያ ገብቶ እንጨቱን ስላበሰበሰው ገላው ደጋፊ አጥቶ እየተጣጠፈ ነበር። እንጨቱን ይለውጡ፣ ውስጡ እስኪደርቅ ለቀናት ክፍት ይተዉት፣ ከዚያ ፋይበሩን ይሥሩ፤ መስኮቱንም በፖሊዩረቴን ማሸጊያ መልሰው ይግጠሙ። ከበሩ በላይ ያሉት መስመሮች በእጅ ሲጫኑ ገላው የማይሰረጉድ ከሆነ ጄልኮቱን ፍቆ በአዲስ መሙላት ይበቃቸዋል፤ የሚሰረጉድ ከሆነ ግን ያም ከኋላ መደገፍ አለበት።