ቋንቋ ለመልመድ በበዓል ሰሞን መጓዝ ያዋጣል? ቫሌንሲያ ወይስ ዋሃካ?

ስፓኒሽ_ጀማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስፓኒሽ መማር ከጀመርኩ ቆየሁ። ማንበብ አያቅተኝም። ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ካገኘሁም እሰማለሁ። አፌ ግን አልተፈታም። ስልክ ላይ መልስ እየነኩ መማር እስከዚህ ድረስ ነው የወሰደኝ።

አሁን ያጠራቀምኩት የዓመት ፈቃድ አለኝ። ከሙዚየም ሙዚየም ከመዞር ይልቅ ሕዝቡ የራሱን በዓል ሲያከብር ማየት እፈልጋለሁ። ሁለት ምርጫ ላይ ቆሜያለሁ። አንዱ በማርች ወር ስፔን፣ ቫሌንሲያ የሚከበረው ፋያስ ነው። ሌላው በኖቬምበር 1 እና 2 ሜክሲኮ ውስጥ የሚከበረው የሙታን ቀን ነው፤ ለሱ ያሰብኩት ዋሃካን ነው።

በበዓል ሰሞን መሄድ ለቋንቋ ይጠቅማል? ወይስ ግርግሩ ውጦኝ አንድ ሰው በቅጡ ሳላናግር እመለሳለሁ? ደግሞ የሙታን ቀን ትንሽ ከብዶኛል። ሰው ሙታኑን በሚያስብበት ቦታ ካሜራ ይዤ መግባት ነውር ይመስለኛል። የሄዳችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ፀጥታ_ወዳድ፦

እኔ ለቋንቋ ብለሽ በበዓል ሰሞን አትሂጂ ባይ ነኝ። የማረፊያ ዋጋ ይንራል። ሰዉ በራሱ ጉዳይ ተይዞ ለእንግዳ ጊዜ የለውም። ፋያስ ላይ ደግሞ ርችቱ ቀን ከሌት ስለሆነ አጠገብሽ ያለውን ሰው እንኳ አትሰሚውም።

አንዳንዱ በዓልማ ጭራሽ ለመንገደኛ አይመችም። ባሊ ደሴት ላይ ኜፒ በሚባለው የዝምታ ቀን አየር ማረፊያው ሳይቀር ለ24 ሰዓት ይዘጋል። እንግዳም ቢሆን ካረፈበት ግቢ አይወጣም። የቻይና አዲስ ዓመት ሲደርስ አገር ምድሩ ወደ ቤተሰቡ ስለሚተም የባቡር ትኬት ማግኘት ፈተና ነው፤ ብዙ ትናንሽ ሱቆችም ይዘጋሉ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ሂጂ። ያኔ ሰው አረፍ ብሎ ያወራሻል።

የመንገድ_ልጅ፦

እህቴ፣ ሁለቱም ጋ ሄጃለሁ። ዋሃካ ሂጂ እልሻለሁ። ግን ለበዓሉ ቀን ሳይሆን ለዝግጅቱ ሳምንት ድረሺ።

ፀጥታ_ወዳድ ያለው ግርግር እውነት ነው። የሚብሰው ግን በዋናው ቀን ነው። ያን ቀን እንግዳ ቆሞ ከማየት ሌላ ድርሻ የለውም። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ግን ቤቱ ሁሉ ሰው ይፈልጋል። የሚሸከም፣ የሚያጥብ፣ የሚላክ ሰው ያስፈልጋል። እጅሽ ሥራ ሲይዝ አፍሽም ሳታስቢው ይፈታል።

እኔ ያረፍኩት የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ካገናኘኝ ቤተሰብ ጋር ነበር። የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ሰዉ ሁሉ «ዶኛ» እያለ ነው የሚጠራቸው። ጠዋት ገበያ ይዘውኝ ወጡ። ሴምፓሱቺል የሚባለው ብርቱካናማ አበባ በጭነት መኪና ተቆልሎ ይመጣል። ከጎኑ ከፋይ የመሰለ ደማቅ ቀይ አበባ አለ። ዶኛ እስሩን እያነሱ ግንዱን ጫን ጫን ያደርጉታል። የላላ ከሆነ ይመልሱታል፤ ለምን እንደመለሱትም ለሻጯም ለኔም ይናገራሉ። መምረጥ፣ መቁጠር፣ ዋጋ መከራከር፣ «ይሄ አይደለም፣ ያኛው» ማለት፣ ሁሉም እዚያው ይለመዳል። በማግስቱ ብቻዬን ላኩኝ።

ከዚያ ለሙታኑ የሚዘጋጀው ጠረጴዛ ሥራ ተጀመረ። ኦፍሬንዳ ነው የሚሉት። ዋሃካ ውስጥ ከጠረጴዛው በላይ በሸንኮራ አገዳ ቅስት ይሠሩለታል። የሞቱት ዘመዶች ፎቶ ይደረደራል። በብርጭቆ ውሃ ይቀመጣል፤ ነፍሳቱ ረጅም መንገድ ተጉዘው ተጠምተው ይደርሳሉ ተብሎ ስለሚታመን ነው። ጨው፣ ሻማ፣ ኮፓል የሚባል ዕጣን፣ ቸኮሌት፣ ሟቹ በሕይወቱ ይወደው የነበረው ምግብና መጠጥ ይደረጋል። የዋሃካ የሙታን ዳቦ ላይ ቀለም የተቀባች ትንሽ የሰው ፊት ትለጠፋለች። በመጨረሻ አበባው ይነጭና ከውጭ በር እስከ ጠረጴዛው ድረስ መንገድ ሆኖ ይነሰነሳል።

የኔ ሥራ መንጨት ነበር። ከዶኛ የልጅ ልጅ ጋር መሬት ቁጭ ብለን፣ መሐላችን ትልቅ ሳፋ። አበባውን ከሥሩ ጨብጠሽ አንዴ ጠምዘዝ ማድረግ ነው፤ አንድ በአንድ ከነቀልሽው አያልቅልሽም። ልጅቷ እየነጨች ፎቶዎቹን በአገጯ ታሳየኛለች። ይሄ አጎቴ ነው፣ ቡና ያለ ስኳር ነበር የሚጠጣው። ይቺ ቅድመ አያቴ ናት፣ ልብስ ስትሰፋ ትዘፍን ነበር። ክፍል ውስጥ አልገባ ብሎኝ የነበረው የኃላፊ ጊዜ፣ ሰው ያዘወትረው የነበረ ነገር የሚነገርበት፣ እዚያ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ይወራል። ጠረጴዛው ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ የሚብራራው በሱ ነው። ስሳሳት ታርመኛለች፤ እደግመዋለሁ፤ ወሬያችን ይቀጥላል። ማታ ደግሞ ስለኔ አያት ጠየቁኝ። የምትወደውን፣ የምትቆጣበትን፣ እንዴት እንደምትስቅ ነገርኳቸው። ዶኛ ስሟን ወረቀት ላይ አስጻፉኝና ከነሱ ሰዎች ጎን አስቀመጡት። እንደዚያን ምሽት በስፓኒሽ አውርቼ አላውቅም።

ስለ ካሜራው ያነሳሽው ተገቢ ነው። ለከተማዋ ቅርብ የሆነው የሶሶኮትላን መቃብር ኦክቶበር 31 ሌሊት በሻማና በአበባ ይሞላል። ቤተሰብ በመቃብሩ ዙሪያ ቁጭ ብሎ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያለቅሳል፣ ይስቃል። ሙዚቀኛም ይመጣል። ብዙ ጎብኚም አለ፤ አንዳንዱ መቃብር ረግጦ ፎቶ ሲያነሳ አይቼ ተናድጃለሁ። አንቺ ሻማ ወይም አበባ ይዘሽ ሂጂ። ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ተዪው። ደህና አመሻችሁ በያቸው፤ «ማንን ነው የምታስቡት?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ሰው ወንበር ይስብልሻል። ፎቶ የሚነሳው ከዚያ በኋላ፣ አስፈቅዶ ነው። ዝም ካሉሽም ሰላምታ ሰጥተሽ ማለፍ ነው።

ትልቅ ትርኢት ካማረሽ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ሰልፍ አለ። ግን እሱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ በአንድ የጄምስ ቦንድ ፊልም ላይ የታየውን ሰልፍ ተከትሎ። የቆየው በዓል ያለው በየቤቱና በየመቃብሩ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2008 በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይሄንኑ የቤተሰብና የመንደር ልማድ ነው።

ከመሄድሽ በፊት አንድ ሥራ ልስጥሽ። በዚህ ሰሞን ሜክሲኮዎች «ካላቬራ» የሚሉት አጭር ግጥም ይጽፋሉ። በሕይወት ያለን ሰው ይዘው፣ ሞት መጥታ ስትወስደው እያስመሰሉ ይቀልዱበታል። ጋዜጣ ያትመዋል፤ ተማሪዎች ለአስተማሪያቸው ይጽፋሉ። ቤት የሚመታ አራት መስመር ነው። ስለ አንድ ጓደኛሽ ጽፈሽ ስፓኒሽ ለሚችል ሰው አሳርሚው። በስፓኒሽ ማሳቅ ከቻልሽ ገበያ ውስጥ መከራከር አያቅትሽም።

ፋያስ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም ዓይን ያፈዛል። ለበዓሉ የሚሠሩት ግዙፍ ምስሎች በየሰፈሩ ማርች 15 ላይ ቆመው ያልቃሉ፤ 19 ሌሊት ይቃጠላሉ። በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው የሚተርፉት ከትልልቆቹ ምስሎች አንድ፣ ለሕፃናት ከሚሠሩት ምስሎች አንድ ብቻ ናቸው። ይሄ ምሕረት እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ያለ ነው። ከማርች 1 እስከ 19 በየቀኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ የባሩድ ተኩስ አለ፤ ደረትሽ ውስጥ ነው የሚሰማሽ።

ለስፓኒሽሽ ግን አይሆንም። ምስሎቹ ሥር የሚለጠፈው ፖለቲከኛ የሚሸረድድ ግጥም በአብዛኛው በአካባቢው ቋንቋ፣ በቫሌንሲያንኛ ነው። ተኩሱን የሚያስጀምረው ጥሪም እንደዚያው። ዋናው ሕይወት ያለው ደግሞ በየሰፈሩ ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ነው። አባላቱ ዓመቱን ሙሉ የሚከፍሉና የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የሚያውቅሽ አባል ከሌለ ከአጥሩ ውጭ ነሽ።

ቀን_ቆጣሪዋ፦

የዝግጅቱን ሳምንት ነገር በጣም ወድጄዋለሁ። ጉዞ ለማይሞላላቸው ሰዎች ደግሞ ቤት ቁጭ ብሎም ይቻላል ልበል።

እኔ ፋርስኛ የምማረው በኢንተርኔት ከአስተማሪ ጋር ነው። ኢራን ሄጄ አላውቅም። ግን ትምህርቱን በኢራኖች አዲስ ዓመት፣ በኖውሩዝ አስታክኬ ነው የማደራጀው። ኖውሩዝ የሚገባው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ቅጽበት፣ ማርች 20 ወይም 21 አካባቢ ነው። ሰዓቱ በየዓመቱ ይለያያል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢውልም ቤተሰቡ ተነስቶ፣ ለብሶ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ይጠብቃል። ጠረጴዛው ላይ ስማቸው በ«ሲን» ፊደል የሚጀምር ሰባት ነገሮች ይቀመጣሉ፤ ፖም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮምጣጤ፣ የበቀለ ስንዴና ሌላም። ስንዴው ቀደም ብሎ መዘፍዘፍ አለበት። እኔም አብሬ እዘፈዝፋለሁ። በየትምህርቱ መጀመሪያ ሳህኑን ወደ ካሜራው አስጠግቼ ምን ያህል እንደበቀለ በፋርስኛ እናገራለሁ። አስተማሪዬ የሷን ታሳየኛለች። ባለፈው እናቷ ከጎን ብቅ ብለው ውሃ አብዝተሻል አሉኝ፤ መለስኩላቸው፤ ትምህርቱ እዚያው ላይ ቀርቶ ሙሉውን ሰዓት ከሳቸው ጋር አወራን።

አዲስ ዓመቱ ከገባ በኋላ መጀመሪያ የሚጠየቁት ታላላቆች ናቸው። እኔም በቪዲዮ ለሳቸው ነው የምደውለው። የሰላምታው ቃል የታወቀ ስለሆነ ጀማሪም ሳይፈራ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ወሬ እሳቸው ይመሩታል።

ትኬት ለምትቆርጡ አንድ ማሳሰቢያ፦ በዓል ሁሉ ቋሚ ቀን የለውም። የእስልምና በዓላት በፈረንጆቹ አቆጣጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብለው ይውላሉ። የሂንዱዎቹ በዓል ዲዋሊ በጨረቃ ስለሚቆጠር አንዴ ኦክቶበር አንዴ ኖቬምበር ይውላል። በአንድ አገር ውስጥም ልዩነት አለ። ጃፓኖች የሙታን መታሰቢያቸውን ኦቦንን በአብዛኛው ቦታ ከኦገስት 13 እስከ 16 ያከብራሉ፤ ቶኪዮ ውስጥ ግን ብዙው ጁላይ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 አቆጣጠራቸውን ሲቀይሩ የመጣ ልዩነት ነው። ስለዚህ የአገሩን ብቻ ሳይሆን የከተማውንም ቀን አጣሩ።

ፀጥታ_ወዳድ፦

የመንገድ_ልጅ፣ ስለ ዝግጅቱ ሳምንት ያልከው አሳምኖኛል። እኔ ያሰብኩት ዋናውን ቀን ብቻ ነበር። ለፋያስ ግን አሁንም ከአቋሜ አልነቃነቅም።

ስፓኒሽ_ጀማሪ፦

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ዋሃካ ቆርጦልኛል። ካላቬራውን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ፤ የሥራ ባልደረባዬ ላይ ነው የምጽፈው። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። የመንገድ_ልጅ፣ መቼ ልድረስ? ደግሞ ዋሃካ ውስጥ ሌሎች ቋንቋዎችም አሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንደ ቫሌንሲያው እንዳይሆንብኝ።

የመንገድ_ልጅ፦

ኦክቶበር 20 አካባቢ ብትደርሺ ጥሩ ነው። ጥቂት ቀን ከቤቱ ሰው ጋር ትላመጃለሽ፤ ከዚያ የገበያው ሥራ ሲጀመር አብረሽ ትወጫለሽ። ከኖቬምበር 2 በኋላም ወዲያው አትሂጂ። ጠረጴዛው ሲነሳ፣ የተረፈው ዳቦ ለጎረቤት ሲታደል ሰው ዘና ብሎ ያወራል። እዚህ ላይ ፀጥታ_ወዳድ ልክ ነው።

ስለ ቋንቋው፣ አዎ፣ የዋሃካ ግዛት 16 ነባር ሕዝቦች ያሉበት ነው። ሳፖቴክና ሚሽቴክ ትልልቆቹ ናቸው። ከተማው ውስጥ በስፓኒሽ ነው ሁሉም ነገር፤ ስለዚህ አትስጊ። ወደ መንደሮቹ ከወጣሽ ግን ሽማግሌዎቹ በሳፖቴክ ሲያወሩ ትሰሚያለሽ። የሰላምታውን ቃል ከቤቱ ልጆች ተማሪና በዚያው ሰላም በያቸው። በጣም ነው ደስ የሚላቸው።

ማረፊያ ግን አሁኑኑ ፈልጊ፤ ለዚያ ሳምንት ከወራት በፊት ነው የሚያልቀው። መጀመሪያ ሆቴል አትያዢ። ለትምህርት ቤቶቹ ጻፊና ቤተሰብ ጋር ማረፍ እንደምትፈልጊ፣ በዓሉን በቤቱ የሚያዘጋጅ ቤተሰብ እንዲሆን እንደምትፈልጊ ለይተሽ ንገሪያቸው። ደብዳቤውን በስፓኒሽ ጻፊው። ከፈለግሽ እዚህ ለጥፊውና አብረን እናየዋለን።