«የየሺ» ነው ወይስ «የሺ»? በ«የ» የሚጀምር ስም ላይ አገናዛቢዋ «የ» ስትጨመር

ጥያቄ፦ ብራና
ለኅትመት የሚገባ ጽሑፍ እያረምኩ ነው። «የየሺ ግጥም»፣ «የየማነ ንግግር» የሚሉ ሐረጎች ሞልተውበታል። አንዱ ባልደረባዬ «ሁለት የ ተደራርቦ ለዓይንም ለጆሮም ይከብዳል፤ አንዷ ትውጣ» ይላል። ሌላው «የ-የሺ» ብለን በጭረት እንለያት ባይ ነው። ደግሞስ «በየሺ ቤት» ሲባል የወደቀችው የትኛዋ «የ» ናት? የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

መልስ፦ ፊደል ቆጣሪ
ሁለቱም «የ»ዎች ይጻፋሉ። የፊተኛዋ አገናዛቢ ናት፣ የማን እንደሆነ የምታሳየው፤ የኋለኛዋ የስሙ አካል። «የሺ» ከመነሻው «የሺህ» ማለት ቢሆንም፣ ስም ሆኖ ከወጣ በኋላ ያቺ «የ» ሥራዋን ትታ ፊደል ብቻ ሆናለች። ግራ ሲገባዎ ስሙን በሌላ ይተኩት፦ «የአልማዝ ግጥም» ካሉ፣ አልማዝ ወጥታ የሺ ስትገባ «የየሺ ግጥም» ነው የሚሆነው።

አንዷን ቢያነሷት «የማነ ንግግር» የሚለውን አንባቢ «የማን ንግግር» ብሎ ያነበዋል። ከዚህ የሚብሰው ግን ወይንሸትም የወይንሸትም የሚባሉ ስሞች መኖራቸው ነው። «የወይንሸት ደመወዝ» ተብሎ ከተጻፈ ባለ ደመወዟ ወይንሸት ናት። ሴትዮዋ የወይንሸት ከሆነች «የየወይንሸት ደመወዝ» መባል አለበት፤ አለዚያ ገንዘቡ የሌላ ሰው ሆነ። በውልና በስም ዝርዝር ላይ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም።

«በየሺ ቤት» ላይ የወደቀችው አገናዛቢዋ ናት። በ፣ ለ፣ ከ፣ ስለ ሲቀድሟት ሁልጊዜ ትወድቃለች፤ «በአልማዝ ቤት» እንጂ «በየአልማዝ ቤት» አንልም። «የየሺ እናት ቤት»ም እንደዚሁ ነው፦ ቤቱ የእናቷ፣ እናቷ የየሺ፣ ስለዚህ ሦስት «የ» መደርደር ነበረበት። ግን ሁለት አገናዛቢዎች ሲገናኙ አንዷ ብቻ ትቀራለች። የስሙ «የ» በሁሉም ቦታ ከነበረችበት አትነቃነቅም።

መልስ፦ አራሚዋ
በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በኮምፒውተር «የየ»ን ፈልጎ በአንድ «የ» መተካት እንዳትሞክሩ። «የየክልሉ»፣ «የየራሳቸው»፣ «የየዕለቱ» ሁሉ አብረው ይበላሻሉ። አንድ በአንድ እያያችሁ እለፉ።

ጭረቱንም ተዉት። መስመር ሲሰበር «የ» ብቻዋን ጠርዝ ላይ ትቀራለች።

መደራረቡ ከከበዳችሁ ማዕረግ አስገቡ፦ «የወይዘሮ የሺ»፣ «የአቶ የማነ»። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን «የየሺእመቤት ልጅ» ማለት ስሕተት የለበትም፤ «የወይዘሮ የሺእመቤት ልጅ» ግን ሲነበብ ይፈሳል። ማዕረግ ይበልጥ የሚጠቅመው ደግሞ እንደ በ፣ ለ፣ ከ ያለ መስተዋድድ ሲመጣ ነው። «ከየትናየት ተቀበልኩ» የሚለውን ዓይን መጀመሪያ «ከየት» ብሎ ይይዘውና ወደ ኋላ ይመለሳል። «ከወይዘሮ የትናየት» ሲባል ይጠራል። የአባት ስም መጨመር ግን መደራረቡን አያስቀርም፤ «የየሺ ከበደ» ነው፣ «የ»ም አንዴ መጀመሪያው ላይ ብቻ ትገባለች።

ብራና
ተባረኩ። ያሬድና ይልማስ? «እነ»ን አስገብቼ «የእነየሺ ግጥም» ብልስ?

ፊደል ቆጣሪ
«የያሬድ»፣ «የይልማ»፤ ደንቡ ያው ነው። ፊደሉ ስለሚለያይ ዓይን አይሰናከልበትም እንጂ።

«እነ» ግን ትርጉም ይለውጣል። «የእነየሺ ቤት» የየሺና የቤተሰቧ ቤት ነው፤ ያምራልም። ግጥሙን የጻፈችው የሺ ብቻዋን ከሆነች ግን «የእነየሺ ግጥም» ሲባል ሌሎችም አብረው የጻፉት ይመስላል። ስሙ የሚነበበው ጮክ ተብሎ ከሆነ፣ ለአንባቢው ከሁለቱ «የ» መካከል ትንሽ እንዲያዘገይ ንገሩት፤ በፍጥነት ሲሉት አንዷ ትዋጣለች።