የመብራት ሂሳቡን የሚያበዛው ፓምፑ ነው ወይስ ቧንቧው?

ጠያቂው፦ የመብራት ታሪፍ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ውሃ የሚገፋው ደግሞ በመብራት ነው። ለአዲስ አበባ ውሃ የአንድ ሥራ በጀት ብቻ ቢገኝ ምን ይቅደም? አሮጌ ፓምፕ መቀየር ወይስ የሚያፈስ መስመር መጠገን? እኔ መስመሩ እላለሁ።

ፓምፕ ቤት፦ አልስማማም። እስቲ እናስላው። አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ፒያሳ 2,400። የለገዳዲንና የገፈርሳን ግድቦች ውሃ ቁልቁለቱ ያግዘዋል። የአቃቂ ጉድጓድ ግን ዳገት ነው። አንድ ሜትር ኩብ፣ ማለትም አምስት በርሜል፣ 300 ሜትር ለማውጣት ምንም ሳይባክን እንኳ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ፓምፑና ሞተሩ በ60 በመቶ ብቃት ከሠሩ 1.4 ይሆናል። 75 ካደረስከው 1.1። አስፋልት ሳትቆፍር የመብራቱን አንድ አምስተኛ አተረፍክ።

ጠያቂው፦ ከሦስት በርሜል አንዱ መንገድ ላይ ከቀረስ? ቤት ለደረሰው ውሃ ያ 1.1 ተመልሶ 1.6 አለፈ። የካምቦዲያ ዋና ከተማ ፕኖም ፔን እ.ኤ.አ. በ1993 ከውሃዋ 72 በመቶውን ታጣ ነበር። ከ10 በታች ያወረደችው መስመርና ቆጣሪ ላይ ሙጭጭ ብላ ነው።

ሂሳብ ሠራተኛው፦ የሞተር ፍጥነት መቀነሻ ብንገጥምስ? ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲቀንስ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል ይላሉ።

ፓምፕ ቤት፦ እሱ ሜዳ ላይ ነው ወንድሜ። ዳገት ላይ ብዙ ከቀነስከው ውሃው ጭራሽ አይወጣም። ሻጩ ይህን አይነግርህም።

ጠያቂው፦ ቢያንስ ሌሊት ግፊቱ ይቀነስ። ከቀዳዳው የሚወጣውም ይቀንሳል።

አራተኛ ፎቅ፦ ቆይ ቆይ፣ ሌሊት? እኔ ኮንዶሚኒየም ነኝ። በፈረቃ ውሃ የማየው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ግፊት ስትቀንሱ ታች ያሉት ይቀዳሉ፣ እኔ ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ እወጣለሁ። ቁጠባችሁ ከመብራት ሂሳብ ወደ ወገቤ ዞረ ማለት ነው።

ጠያቂው፦ እውነትሽን ነው። የፈረቃ ሰፈር ላይ አይሆንም፣ አንስቻለሁ።

ሂሳብ ሠራተኛው፦ ከየቤቱ የሚወጣውን ቆሻሻ ውሃስ ረሳነው? ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ያለው የማርሴሊስቦርግ የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያ ከዝቃጩ በሚያወጣው ጋዝ ከሚጠቀመው በላይ ኃይል ያመነጫል።

ፓምፕ ቤት፦ ደስ ይላል፤ ግን ሌላ ቀን። አሁን ጉዳያችን የሚገፋው ውሃ ነው። አንድ ነገር ላውጋችሁ። አንዲት የክልል ከተማ ጉድጓድ ላይ ሠርቻለሁ። ሞተሩ ሌት ተቀን ይጮኻል፣ ታንከሩ አይሞላም። ፓምፑን ስናወጣው አሸዋው ኢምፔለሩን፣ ማለትም ውስጡ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋውን ክፍል፣ በልቶት ጠርዙ እንደ ምላጭ ሳስቷል። መብራቱ እንደ ድሮው፣ ውሃው ግማሽ።

ጠያቂው፦ ጉድጓዱ ላይ ቆጣሪ አልነበረም እንዴ?

ፓምፕ ቤት፦ ነበር። መስታወቱ ላብ ይዞት መርፌው አይታይም።

አራተኛ ፎቅ፦ ታዲያ መዝጋቢው በየቀኑ ምን ይጽፍ ነበር?

ፓምፕ ቤት፦ የትናንቱን።