ከደሴ ሆኖ የአርማ ስኳድ ውስጥ መግባት ይቻላል? (ማይክ፣ መብራት፣ እናቴ)

ጦሳ_ሥር፦
ሰላም ያ ጀመዓ እንዴት ናችሁ። ደሴ ነኝ። አርማ 3 ሚባለውን የጦርነት ጌም ውጪ ያለ የአክስቴ ልጅ ቅናሽ ሲኖር ጠብቆ ገዝቶልኝ ሦስት ወር ሆነኝ፣ ብቻዬን ከኮምፒውተሩ ጋር መዋጋት ሰለቸኝ፣ ዝም ብሎ ክፍት የሆነ ሰርቨር ስገባ ደግሞ ሁሉም እረኛ እንደሌለው ፍየል በየፊናው ይሮጣል። አሁን አንድ አውሮፓ ያለ ሚልሲም ዩኒት (ጌሙን እንደ እውነተኛ ጦር ተደራጅቶ ሚጫወት ቡድን) አገኘሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦፕሬሽን አላቸው፣ ፎርም አለው፣ ዕድሜህ ስንት ነው ማይክ አለህ ወይ በወር ስንት ቅዳሜ ትገኛለህ ምናምን ይላል፣ ከዛ ዲስኮርድ ላይ ያናግሩሃል፣ ከዛ ስልጠና ሰጥተው ሪክሩት (አዲስ ምልምል) ያረጉሃል። ሥራ ልቀጠር ነው እንዴ አልኩ።

ጭንቀቴ ሦስት ነው። አንድ እንግሊዝኛዬ ያንቀጠቅጣል። ሁለት መብራት፣ ታውቁታላችሁ። ሦስተኛውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም ግን ልጻፈው፣ 2014 ላይ ደሴ የነበረ ይገባዋል፣ እናቴ አሁንም በር በኃይል ሲዘጋ ትደነግጣለች። ባለፈው የኢርፎኑ ጃክ ተነቅሎ የመትረየስ ድምፅ ቤቱን ሞላው፣ ቡና እያፈላች ነበር፣ ጀበናውን እሳቱ ላይ ትታ ጓዳ ገባች። ከዛ ቀን ጀምሮ ጌሙን አልከፈትኩትም። የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።

የኮምቦልቻው_ልጅ፦
አብሽር ወንድሜ ይቻላል፣ እኔ አንድ ዩኒት ውስጥ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እንግሊዝኛው አያስፈራህ፣ ከኛ ግማሹ ጀርመንና ፖላንድ ነው፣ የነሱም እንደኛው ነው። ሬዲዮ ላይ ሚወራው ሁሉ ሃምሳ ቃል ቢሞላ ነው፣ ጠላት ስታይ አቅጣጫውን በዲግሪ፣ ርቀቱን በሜትር፣ ምን እንዳየህ፣ በቃ። «ኮንታክት፣ ዜሮ ፎር ፋይቭ፣ ስሪ ሀንድረድ ሜትርስ፣ ቱ ኢንፋንትሪ» ብለህ ዝም። ይልቅ እኛን ሚከብደን ኮምፓሱ ነው፣ «ከዛች ዋርካ ወዲያ» እያልን ያደግን ሰዎች ዜሮ ፎር ፋይቭ ስንባል የት እንደምናይ ይጠፋናል 😂

ሬዲዮው በሞድ (ጌሙ ላይ ተጨምሮ ሚጫን ነገር) ነው ሚሠራው፣ ብዙዎቹ ቲምስፒክ ሚባለው የድምፅ ማውሪያ ፕሮግራም ጋር ሚያያዘውን ይጠቀማሉ። አጠገብህ ያለ ሰው ድምፁ ይሰማሃል፣ ሲርቅ ይጠፋል፣ ፍሪኩዌንሲህን በትክክል ካልሞላህ ደግሞ ስኳዱ ሲያልቅ አንተ ዛፍ ሥር ወፍ ትሰማለህ (ደርሶብኛል)። አጎቴ ድሮ ወታደር ቤት ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበር፣ አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሰማን ሰማንና «እነዚህ ልጆች ወሬ ያበዛሉ፣ መጀመሪያ አስብ፣ ከዛ ቁልፉን ተጫን፣ ከዛ ተናገር» አለ። ስልጠና ላይ ያስተማሩኝ እሱኑ ነው፣ እነሱ ግን ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው።

ሰዓቱን ግን ተጠንቀቅ። እኔ መጀመሪያ «8 ፒኤም» ሲሉኝ በኛ ስምንት ሰዓት መስሎኝ አላርም ሞልቼ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሳሁ፣ ሰርቨሩ ላይ አንድ ሰው የለም፣ በነጋታው ለምን ቀረህ ተባልኩ። የጀርመኖቹ 20 ሰዓት በነሱ ክረምት በኛ ማታ 4 ሰዓት ነው፣ በነሱ በጋ ማታ 3 ሰዓት። ማርች መጨረሻ እሁድ ሰዓታቸውን አንድ ይገፉታል፣ ኦክቶበር መጨረሻ እሁድ ይመልሱታል፣ እኛ ባለንበት ነን። ረመዷን ሲገባ ደግሞ ቀድመህ አስፈቅድ፣ ሳይናገሩ መቅረት ነው ሚያናድዳቸው እንጂ መቅረቱ ችግር የለውም።

ፒንጌ (ከሰርቨሩ ጋር ያለኝ መዘግየት) 180 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው፣ አርማ ላይ ያስኬዳል፣ ውጊያው ከሩቅ ስለሆነ። ላፕቶፕህ ግን ፕሮሰሰሩ ደካማ ከሆነ ሌላው ነገር አያድንህም፣ ይሄ ጌም ፕሮሰሰር ነው ሚበላው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የከተማህን የወታደር ካምፕ ምናምን ፎቶ አምጣ ማፕ እንሥራ ሚልህ ካለ እምቢ በል። አርማ 3 ላይ ያለው የአልቲስ ማፕ የተሠራው ከግሪኳ ሌምኖስ ደሴት ነው፣ ጌሙን ከሚሠራው ኩባንያ ሁለት ሰዎች በፈረንጆች 2012 እዛው ደሴት ላይ ወታደራዊ ቦታ ቀርፃችኋል ተብለው አራት ወር ገደማ ታስረዋል፣ እኛ ለእረፍት ነው የመጣነው ቢሉም። እነሱ አገር እንደዛ ከሆነ እኛ አገር አስበው።

ቺክን_ዲነር፦
ፐብጂ እያለ ምን ያንከራትታችኋል፣ ስልክ ነው፣ አራት ሰው ነው፣ ግማሽ ሰዓት ተጫውተህ ትተኛለህ። 40 ደቂቃ በእግር ሄዶ አንድ ጥይት ሳይተኩሱ መሞት ምን ሚሉት ጨዋታ ነው 😂😂

የኮምቦልቻው_ልጅ፦
እሱ እኮ ነው ጨዋታው 😂 ሪስፖውን (ሞቶ እንደገና መነሳት) ስለሌለ ነው ልብህ ሚመታው። ቺክን ይዘህ ተኛ አንተ።

የሐይቋ_ሚዲክ፦
እኔ ሚዲክ (ጌሙ ውስጥ ቁስለኛ ማክም) ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ የመጀመሪያ ቀን ማይክ ስከፍት ዝም አሉ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንዱን ከሞት ሳስነሳው ዝምታው አለቀ። መጀመሪያ ራይፍልማን (ተራ ጠመንጃ ያዥ) ሁን፣ አለቃህን ተከትለህ ሂድ፣ ፓይለት ልሁን ብለህ እንዳትመጣ፣ ሁሉም አዲስ ሰው ሄሊኮፕተር ነው ሚፈልገው።

ከገባህ በኋላ ሚዲክን ሞክረው ግን። ኤስ ሚባለው ሞድ ላይ ደም መፍሰስ አለ፣ የልብ ምት አለ፣ ሞርፊን ካበዛህ ልቡ ይዘገይና ይሞትብሃል። ቱርኒኬት (ደም ማቆሚያ ማሰሪያ) ያሰርክበት እጅ ላይ መርፌ ብትወጋ እስክትፈታው ድረስ መድኃኒቱ አይሠራም፣ እኔ ይሄን ሳላውቅ አንዱን ደጋግሜ ወግቼው ምንም ሲለኝ የለም፣ ቱርኒኬቱን ስፈታው ሁሉም ባንዴ ገብቶ ገደለው። ይቅርታ ብዬ ጻፍኩለት፣ እስካሁን ሲያየኝ እጁን ይደብቃል።

መብራትን በተመለከተ፣ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ሚገድልህ ራውተሩ ነው። ጀርባውን እየው፣ ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ ከፓወር ባንክ ወደ 12 ቮልት ሚቀይር ገመድ አለ፣ የኔ በሱ ሙሉ ኦፕሬሽን ጨርሶልኛል። ሞዶቹን ደግሞ የቅዳሜ ማታ አታውርድ፣ የኛ ወደ 40 ጊጋ ነው፣ ከማክሰኞ ጀምር።

ከወልድያ፦
ስለ እናትህ ማንም አልመለሰም፣ እኔ ግን ያነበብኩት እሱን ነው። የኛም ቤት እንደዛው ነበር። ጃክ ያለውን ኢርፎን ተወውና ዩኤስቢ ሄድሴት ያዝ፣ ከዛ ሳውንድ ሴቲንግ ገብተህ የላፕቶፑን ስፒከር ዲሴብል አርገው፣ ሄድሴቱ ቢነቀል እንኳ ድምፅ ሚወጣበት የለም። እሱ ቀላሉ ነው።

ከባዱ መንገሩ ነው። እኔ ተደብቄ ነበር ምጫወተው፣ አባቴ በሌሊት በእንግሊዝኛ ስለ ተኩስ ሳወራ ሰምቶ ምን መስሎት እንደነበር ልንገርህ አልፈልግም። አስቀምጠህ አሳያት። ካልወደደችው ደግሞ ጌሙ የትም አይሄድም።

አክስቴም አንዴ ቴሌግራም ላይ ሄሊኮፕተር ሲመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ይዛ እያለቀሰች መጣች፣ የኛ አካባቢ ነው ተብሎላታል፣ ሳየው አርማ ነው። ላፕቶፔን ከፍቼ ያንኑ ሄሊኮፕተር አሳየኋት፣ ለሰፈሩ ሁሉ እሷ ነገረችልኝ። ኩባንያው ራሱ በፈረንጆች 2022 በዚህ ጉዳይ መግለጫ አውጥቷል፣ ጥራቱ የወረደ፣ ካሜራው የሚንቀጠቀጥ፣ ጨለማ የሆነ፣ ድምፅ የሌለው ሲሆን ጠርጥሩ ይላል።

ጦሳ_ሥር፦
ያ ጀመዓ አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ትናንት ከቡና በኋላ ነገርኳት። ድምፁን አጥፍቼ አልቲስን ከፈትኩላት፣ ጠመንጃውን አስቀምጬ ዝም ብዬ በእግር እየሄድኩ ገጠሩን አሳየኋት፣ የወይራ ዛፍ አለ፣ ባሕር አለ፣ ነጫጭ ቤቶች። «ያምራል» አለች። ትንሽ ቆየችና አንድ መንደር ውስጥ ስገባ በሩ ክፍት የሆነ ቤት አየች፣ «የዚህ ቤት ሰዎች ወዴት ሄደው ነው?» አለችኝ። ጌም ነው እማዬ አልኳት። «እሱስ ጌም ነው» ብላ ስኒዋን ይዛ ተነሳች፣ በሩ ጋር ስትደርስ ዞር ብላ «ድምፁን ብቻ» አለች።

ፎርሙን ሞልቻለሁ፣ ለረቡዕ ማታ ቀጥረውኛል፣ የነሱ 20 ሰዓት ነው፣ አሁን በነሱ በጋ ስለሆነ 3 ሰዓት ነው አይደል? ያ የ12 ቮልት ገመድ ደሴ የት ይገኛል?

የሐይቋ_ሚዲክ፦
አዎ 3 ሰዓት። ገመዱን ስልክ ሚጠግኑት ጋር ጠይቅ፣ ግን ራውተሩን ይዘህ ሂድ፣ ጫፉ ይለያያል።